መስኮቱን ክፈቱት! (አምና የጻፍኩትን ቅደዱልኝ)

ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? የእኛን ሰፈር ክረምት እንኳ ባትጠይቁኝ ይሻላል። ሽሮ ሜዳ ላይ ክረምት ከሌላው አዲስ አበባ ሳምንት ቀድሞ የሚገባ፣ ሳምንት ዘግይቶ የሚወጣ ይመስለኛል። ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም በር ሳያንኳኳ ቤት ይገባል፣ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ አልጋ ውስጥ ይገባል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ እንዳልታጠበ ይሸታል። እንግዲህ እንዲህ ነን!

ዛሬ ግን የመጣሁት ለጨዋታ አይደለም። ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው...

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ካለው ፀጉር ቤት ገባሁ። ቢጎዲን ተጠቅልሎልኝ ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከባለ ፀጉር ቤቷ ጋር ስለ ብርድ ታወራለች። "እኔማ ዘንድሮ ብርድ አላውቅም" አለች። "አምና ጋዜጣ ላይ የወጣ ምክር ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። መስኮቱን በማዳበሪያ መወተፍ፣ የበሩን ስር በአሮጌ ጨርቅ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ ማታ አንድ ማንደጃ ከሰል ማስገባት... ቤቴ ምጣድ ሆኖልሻል! ብቻ ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል እንጂ፣ ተመስገን ነው።"

እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ደረቅሁ። ያ ምክር የእኔ ነው። ቃል በቃል የእኔ! አምና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በዚሁ ገጽ የጻፍኩት።

ቢጎዲኔን እንደጠቀለልኩ ብድግ ብዬ "እህቴ፣ ዛሬውኑ ማዳበሪያውን ንቀዪው!" አልኳት። ሴትየዋ እንደ እብድ አየችኝ። "ምነው? ጋዜጣ ላይ እኮ ነው ያነበብኩት" አለችኝ። ምን ልበላት? "ጋዜጣው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው" አልኳት። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቆርቆሮው ላይ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚያ ላሉት ሴቶች ነገርኳቸው። ለእናንተ ደግሞ ዛሬ ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ልነግራችሁ ሲገባ ዝም ብዬ የቆየሁትን።

ያቺ ሌሊት

አምና ያ ጽሑፍ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ቤታችን ጭቃ ቤት ነው፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። እናቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ አብረን እንኖራለን። እህቴ ከወለደች ገና አሥራ አምስት ቀኗ ነበር። አራስ ቤት መቼም ታውቁታላችሁ... ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ የሚገባው የሚወጣው ሰው! ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። አመሻሹ ላይ ደግሞ መብራት ጠፋ።

እናቴ አራስ ብርድ ይመታታል ብላ ስጋት ይዟታል። "አራስ ብርድ ከገባባት አጥንቷ ውስጥ ነው የሚቀረው" ትላለች። የእኔ ጽሑፍ ደግሞ የልብ ልብ ሰጥቷታል። ልጇ ጋዜጣ ላይ ጽፋለቻ! መስኮቱን በማዳበሪያ የወተፍኩት እኔ ነኝ። በበሩ ስር የእናቴን አሮጌ ነጠላ አጣጥፌ የጠቀጠቅሁትም እኔ ነኝ። እናቴ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን "አሁን ጭስ የለውም፣ አይጎዳም" ብላ አስገባችው። ቡና ተፈላበት። ከዚያ የሕፃኑን ጨርቅ እንዲያደርቅ በማንደጃው ላይ ዘንቢል ደፋንበት። ሌላ ከሰል ተጨመረ። ቤቱ ሞቀ። ደስ አለን!

እስቲ አሁን ከዚያ በኋላ የሆነውን በጥሞና ተከታተሉኝ።

መጀመሪያ እኔን ራሴን አመመኝ። ግንባሬን እንደ መቀነት የሚያጠብቅ ሕመም። "ቡናው ዘግይቶብኝ ነው" አልኩ። ቡናውን ግን ሦስተኛውን ጨርሻለሁ!

ቀጥሎ እናቴ ታዛጋ ጀመር። እያዛጋች ዓይኗ እንባ ያቀርራል። "ዛሬ ከገቡት ሴቶች ውስጥ ዓይነ ጥሩ ያልሆነች አለች" አለች።

እህቴ ደግሞ ማቅለሽለሽ ጀመራት፤ ሰውነቴ ዛለ አለች። "ገንፎው ከብዷት ነው" ተባለ። ትንሽ ቆይታ ራሴን ስትል "ምች ነው! ጠዋት በር ላይ ወጥታ ነበር" ተባለና ዳማከሴ ይፈለግ ተባለ። ማን ተነስቶ ይፈልግ? የሁላችንም ጉልበት ከድቶናል።

ሕፃኑስ? ሕፃኑ ዝም ብሏል። ያ ማታ ማታ ቤቱን በለቅሶ የሚያናውጠው ልጅ ጭጭ አለ። እናቴ "ዛሬስ ጨዋ ልጅ ሆነልን፣ ሙቀቱ ተስማማው" አለች። እህቴም ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ። ይህንን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

አያችሁ አይደል? በቤታችን ለእያንዳንዱ ሕመም የተዘጋጀ ስም አለ። ቡና፣ ዓይን፣ ገንፎ፣ ምች... ለሁሉም ስም አገኘንለት። አንዱም ግን ትክክለኛው አልነበረም።

በር መዝጋት የማያውቀው ወንድሜ

እዚህ ላይ ታናሽ ወንድሜን ላስተዋውቃችሁ። ይህ ልጅ በዓለም ላይ አንድ ጉድለት ቢኖርበት በር አለመዝጋቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ "ዝጋው!" እየተባለ ነው ያደገው። እናቴ "ስትወለድ በሩ ክፍት ነበር እንዴ?" ትለው ነበር። (የወለደችው እሷ መሆኗን እየረሳች!)

ያን ዕለት ከሥራ የገባው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ጫማው በጭቃ ተለውሷል። በሩን በትከሻው ገፋው፤ ነጠላዋ እምቢ ስትለው በኃይል ረገጠው። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከዚያ እንደ ልማዱ እንደከፈተው ትቶት ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈታል። ቀዝቃዛው ነፋስ ገባ።

"ዝጋው!" ልለው ፈለግኩ። ድምፄ አልወጣም። ተነስቼ ልዘጋው አሰብኩ። ስነሳ እግሬ የእኔ አልሆነም፤ እዚያው ተደፋሁ። ወንድሜ ሳቀ። "ምን ጠጥታችሁ ነው?" አለ። ከዚያ እናቴን አያት። ተቀምጣ ትታያለች እንጂ አትመልስም። እህቴን ጠራት፤ "እ..." ብቻ አለች። ያኔ ሳቁ ጠፋ።

ልጁን ከእነ ጨርቁ ብድግ አድርጎ ዝናቡ ወዳለበት በረንዳ ወጣ። "ሰው! ኧረ ሰው!" እያለ ጮኸ። ተመልሶ ማንደጃውን በእርግጫ ወደ ውጭ ወረወረው። ፍሙ ውሃ ላይ ሲወድቅ "ቻሽ" ያለውን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። አንድ በአንድ እየጎተተ አወጣን።

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። መቼም የሐበሻ ጎረቤት ለክፉ ቀን ነው! አንዷ ወተት ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ሎሚ ቆርጣ አፍንጫችን ላይ ያዘች፣ እማማ ከላይ ግቢ ጠበል ይዘው ደረሱ። መኪና ያላቸው ጎረቤታችን ጋሼ ግን "ወተቱ ይቆየን፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት!" ብለው ሁላችንንም መኪናቸው ውስጥ ጠቀጠቁን። መስኮቶቹን ሁሉ አወረዱ። ዝናቡ ፊታችን ላይ እየወረደ ሄድን።

"አራት ሰው አንድ ላይ ምች አይመታም"

የተቀበለችን በእኔ ዕድሜ የምትሆን የሕክምና ባለሙያ ናት። እናቴ እንደምንም ተጣጥራ "ልጄ፣ ምች መቷት ነው፣ አራስ ናት" አለቻት። ባለሙያዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

"ስንት ሰው ነው የታመመው?"

"ቤት ውስጥ የነበርነው ሁላችንም" አልኳት።

"እናቴ፣ በአንድ ማታ አራት ሰው አንድ ላይ ምች አይመታም" አለች። "ከሰል ነበረ?"

ወዲያው ኦክስጅን ተደረገልን። ለሕፃኑ ትንሿን ጭምብል ሲያደርጉለት ፊቱን ከሞላ ጎደል ሸፈነችው። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ አለቀሰ! ያንን የተለመደውን፣ ቤት የሚያናውጠውን ለቅሶ! እህቴ ኦክስጅኗን አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች እንባዋ ወረደ። በዚህ ምድር ላይ ከዚያ የሚጣፍጥ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ጠዋት ላይ ባለሙያዋ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አልዘለለም። ግን እሷ የነገረችኝን፣ በኋላም አንብቤ ያረጋገጥኩትን በራሴ አማርኛ ልንገራችሁ።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። "ጭሱ አልቋል" የምንለው የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። ቀይ ፍም ሆኖ ያማረ ከሰል ጋዙን መልቀቁን አያቆምም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚህ ነገር ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። ስለዚህ ወንበሩን ይይዝበታል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ግን አየሩ ለአንጎሉ አይደርስም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል፣ መፍዘዝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት... ከዚያ ሰውየው ይተኛል። የተኛ ሰው ደግሞ ተነስቶ መስኮት አይከፍትም።

ወተቱስ? ሎሚውስ? ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። ጋዙ ያለው ደም ውስጥ እንጂ ሆድ ውስጥ አይደለም፤ ወተት አያወጣውም አለች። እንዲያውም ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም መስጠት አደገኛ ነው፣ ሊያንቀው ይችላል። የሚያወጣው ንጹህ አየርና ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። በተራ አየር ብቻ ከሆነ ግማሹ ከደም እስኪወጣ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በጭምብል በሚሰጠው ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ለዚህ ነው "ወተቱ ይቆየን" ያሉት ጋሼ ባለውለታችን የሆኑት።

ታዲያ ምልክቱን እንዴት ለየ እንበል? አንደኛ፣ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው። ሁለተኛ፣ ውጭ ሲወጡ የሚሻላቸው፣ ቤት ሲገቡ የሚመለስባቸው ከሆነ። ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ካለ። እንዲህ ከሆነ ቡናም አይደለም፣ ዓይንም አይደለም። በሩን ክፈቱ፣ ሰዉን አውጡ፣ ከሰሉን አውጡ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከሌላው ሰው በፊት ይጎዳሉ። ለእነሱ "እስቲ ትንሽ እንየው" አይባልም።

ለምን ዝም አልኩ?

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልመለስ። ከዚያች ሌሊት በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት "ተሳስቻለሁ፣ ማዳበሪያውን ንቀሉ" ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። የጻፍኩት ስለ ፀጉር መነቃቀል ነው። በሚቀጥለውም ስለ አማትና ምራት።

እውነቱን ልናገር? ፈራሁ። እኔ የጋዜጣው ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም፤ በጽሑፍ ቆጥረው ነው የሚከፍሉኝ። "ቤተሰቧን በምክሯ ልትጨርስ የነበረች" የምትባል ሴት ማን ምክር ይጠይቃታል? ደግሞም "ማን አንብቦት? ማንስ አስታውሶት?" ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለካስ አንዲት ሴት ቆርጣ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋው ኖሯል! ለካስ ጠዋት ጠዋት ራሷን እያመማት ልጇን አዝላ ትኖር ኖሯል! ከእሷ ሌላስ ስንት አለ? እሱን ሳስብ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ለአዘጋጁ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። "ጻፊው" ብቻ አለኝ።

ስለዚህ አምና ያንን ምክር ቆርጣችሁ ያስቀመጣችሁ፣ እባካችሁ ቅደዱልኝ። በምትኩ ይህንን ለጥፉ።

ብርዱ አይደለም፣ መዝጋታችን ነው

አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። በአቆጣጠራችን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ታዲያ ቴርሞሜትሩን ብትጠይቁት፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ይበልጥ የሚቀዘቅዘው በክረምት ሳይሆን ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ክረምትን ክረምት ያደረገው እርጥበቱና ደመናው ነው። እኛ ደግሞ እርጥበቱን ፈርተን እንዘጋጋለን። በሽታው የሚያገኘን እዚያው በተዘጋው ውስጥ ነው።

ጉንፋንን ውሰዱ። "ብርድ መታኝ" እንላለን እንጂ ጉንፋንም ሆነ ኢንፍሉዌንዛ የሚመጣው በቫይረስ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስ፣ በእጅ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ባለ አየር ነው። ታክሲ ውስጥ ምን እንደምንሆን አስቡት! አንዱ መስኮት ሲከፍት አሥራ አንዱ "ዝጋው እንጂ!" ብሎ ይነሳበታል። ከዚያ አንዱ ያስነጥሳል፣ ሁላችንም ተካፍለን እንወርዳለን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የታክሲ መስኮት መክፈት ተምረን ነበር። ቶሎ ረሳነው። እስቲ ዘንድሮ ቢያንስ አንዷን መስኮት በጣት ያህል እንተዋት። ጉንፋን የያዘን እንደሆነ ደግሞ አፍንጫና አፋችንን መሸፈን፣ እጃችንን በሳሙና መታጠብ፣ ሰላምታውን ከሩቅ ማድረግ ነውር አይደለም።

ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ማሩ ይጠጣ፤ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ነፍስ ይዘራል። (ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም!) ለጉንፋን ብላችሁ አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ሦስት ፍሬ ውጣችሁ የምትተዉ ግን ተዉ። ያ መድኃኒት ቫይረስ አይገድልም። ያለቦታው በተዋጠ ቁጥር ለእውነተኛው ቀን እንቢ የሚል ተህዋስያን ያበዛል።

የልጅ ሳል ግን ሌላ ነው። ልጁ ሳይለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ ደረቱን ገልጣችሁ በሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ውጡ። የ45 ቀኑን ክትባትና የሚቀጥሉትን አታሳልፉ። ከሳንባ ምች የሚከላከለውም እዚያ ውስጥ ነው፤ በጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ውሃው ነው። ዝናብ ሲበዛ ጎርፉ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድጓድ እየሞላ ያገኘውን ሁሉ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ይዞት ይወርዳል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ አተት ገብቶ እንዴት እንዳስጨነቀን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የምትጠጡትን ውሃ ተንተክትኮ እስኪፈላ አፍሉት፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለው ማከሚያ አክሙትና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። ሰላጣውንና ጥሬ ቃሪያውን በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ተቅማጥ ከያዘ ዋናው ነገር የወጣውን ውሃ መተካት ነው። ኦ.አር.ኤስ. ከተገኘ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። እሱ ከሌለ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሦስተኛው ልብስ ነው። አይደርቅም ብለን አናጥብም፤ አንዱን ሹራብ ወር እንለብሳለን። ቅማል ደግሞ እንዲህ ያለውን ቤት ትወዳለች። ክሊኒክ ስንሄድ "ታይፎይድና ታይፈስ" እያሉ በአንድ ትንፋሽ ይነግሩናል እንጂ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ታይፎይድ በምግብና በውሃ ነው የሚመጣው። ታይፈስ ግን፣ የዱሮዎቹ ተስቦ የሚሉት፣ በልብስ ቅማል ይተላለፋል። እየተመላለሰ የሚያገረሸው ትኩሳትም እንዲሁ በዚችው ቅማል ነው። ልብሱን በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ ካልደረቀ ስፌት ስፌቱን በካውያ ተኩሱት። ዘንቢል ደፍቶ በከሰል ማድረቅ ግን... ተምሬበታለሁ!

ታዲያ በብርድ እንሙት?

"ታዲያ ምን ይሻላል? ብርዱ እኮ እውነት ነው!" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እናቴም ያለችው ይህንኑ ነው። ከሐኪም ቤት በተመለስን ማግስት ማዳበሪያውን ስነቅል "አራስ ገደልሽ!" ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ቆም ብላ ማዳበሪያውን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

ያደረግነው ይህ ነው። ቤቱን ማሞቁን ትተን ሰዉን አሞቅን። ሕፃኑን ደረቱን በእናቱ ደረት ላይ ለጥፈን፣ ኮፍያና ካልሲ አድርገን፣ ከላይ ጋቢ ደረብን። ባለሙያዋም ያስተማረችን ይህንኑ ነው፤ የእናት ገላ ለሕፃን ከማንኛውም ምድጃ የሚሻል ሙቀት ነው። አልጋውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት አንስተን ወደ ጥግ አዞርነው፤ ነፋሱ አየሩን ይለውጣል እንጂ አራሷ ላይ አይወርድም። እኛ ትልልቆቹ ሁለት ካልሲ ደርበን፣ ትኩስ ነገር ጠጥተን እንተኛለን።

ቡናውስ? ቡና ይቅር ብዬ ከእናቴ ጋር አልጣላም። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠላል። ቡናው ሲፈላ በሩም መስኮቱም ክፍት ነው። የመጨረሻው ስኒ እንደተጠጣ ማንደጃው ከእነ ፍሙ ውጭ ይወጣል። ከከሰል ጋር ማንም አይተኛም። በቃ! ሕጉ ይኸው ነው።

ያ ሕፃን አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ግድግዳ ይዞ ይሄዳል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ወንድሜም ያው ነው፤ አሁንም በር አይዘጋም። ትናንት ማታ ዝናብ እየጣለ እንደከፈተው ትቶት ገባ። እናቴ ከለመደችው "ዝ..." ብላ ጀመረች። ከዚያ ማንደጃውን ዞር ብላ አየችና "ተወው ልጄ፣ ቡናው እስኪያልቅ ክፍት ይሁን" አለችው።

የፀጉር ቤቷ እህቴ፣ ይህን ጋዜጣ ካየሽው... ማዳበሪያውን ንቀይዋል? ራስ ምታቱስ ተወሽ? እሑድ እዚያው ፀጉር ቤት እጠብቅሻለሁ። ልጅሽን ይዘሽ ነይ።

ለሌሎቻችሁም፣ ለሳምንት በሰላም ያገናኘን። እስከዚያው መስኮቱን ክፈቱት። ቸር ክረሙ!